የገመቹ ስም ሰርቨሩ ላይ

ሰበታ፣ ረቡዕ ታኅሣሥ 13 ቀን 2008

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰበብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ የመጋዘን ሠራተኛው ገመቹ አልመጣም። ስልኩም አይነሳም። እኔ የምቆጣጠረው የድርጅቱ ሰርቨር ላይ ግን ስሙ እንደገባ ነው፣ አልወጣም።

አለቃዬ «ሳይነካ የቆየውን ስም ሁሉ አስወጪ» ብሎኛል። ጠዋት የሌሎቹን ዘጋሁ። የእሱ ስም አጠገብ «ስምንት ቀን አልተነካም» ይላል፤ እጄ እምቢ አለኝ። አንዲት መስመር ትእዛዝ ናት፣ ለምን እንደከበደችኝ አልገባኝም።

ከምሳ ስመለስ ስምንቱ ቀን ሁለት ደቂቃ ሆኗል፤ ኮምፒውተሩን የነካ ሰው አለ። እየሮጥኩ መጋዘን ወረድኩ። ኮምፒውተሩ ጋ ያገኘኋቸው ግን አዴ ጫልቱን ነው፣ የጽዳት ሠራተኛዋን።

«ኪቦርዱ አቧራ ጠጥቶ ነበር፣ ወለወልኩት» አሉኝ።

ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም። «ነገም ይወልውሉልኝ» አልኳቸው።