ከሳሽ

የካቲት 9
ሙቀቱ ዛሬም አላስቀምጥ አለ። ከድንበር ማዶ፣ ከጋላባት የሚመጡት ሾፌሮች ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ካልተቆለለ ሻይ አይሉትም። እየቀመስኩ ቀዳሁላቸው። ሳልቀምስ መቅዳት መቼ ለመድኩ? ውሃ ጥሙ አለቀቀኝም… እንስራው አጠገብ መዋል ሆኗል ሥራዬ።

የካቲት 12
ክሊኒክ ሄድኩ። ሁሪያ፣ ጤና ረዳቷ፣ የስኳር መመርመሪያው ሰማያዊ ውሃ ላይ ከሽንቴ ጠብ አድርጋ አፈላችው። እንደ ጡብ ቀላ። ስኳሩ በርትቷል፣ ኪኒኑ ብቻውን አይችለውም፣ ሰውነትሽን ቀንሺ አለችኝ። እኔን! ደምለው ያገባኝ ለዚሁ ሰውነት አልነበር? የቤት ግርማ ናት እያለ ለሰው ያሳየኝ ነበር። ስታመም ግርማው ቀረ። አሁን ገንዳ ውሃ ከተማ በስሙ ቤት ሠርቶ፣ ጸዳለ የምትባል አስቀምጦ ይኖራል። እኔን ሳይፈታ።

የካቲት 15
ከገንዳ ውሃ የመጣ ሾፌር ነገረኝ። ደምለው ጠጅ ቤት ተቀምጦ «በሽተኛ ናት፣ ሰሊጥ ሳይታጨድ ትሞታለች፣ የመተማውን ቤት ያኔ እረከባለሁ» ብሏል።
የቤቱን ጭቃ ያቦካሁት እኔ። ሻይ ቤት ያደረግሁት እኔ። እረከባለሁ?
አልሞትለትም።

መጋቢት 6
በእልህ ሆዴን ዘጋሁ። ጾምም ነው፣ ማን ይጠይቀኛል ብዬ። ኪኒኑን ባዶ ሆዴን ዋጥኩ። ከሰዓት እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ብርጭቆ እንደያዝኩ ወደቅሁ። ሾፌሮቹ አፌን ከፍተው ሻይ አፈሰሱብኝ። ያ የምጠላው ስኳር መለሰኝ።
ሁሪያ ተቆጣች። «እንዲህ ከሆነ ባልሽ ሰሊጡንም አይጠብቅ። በረሃብ የቀነስሽው እህል ያየሽ ቀን ይመለሳል። በቀስታ ነው።» ኪኒን ከምግብ ጋር። የማሽላ እንጀራ ግማሽ፣ ጎመኑ በዛ ብሎ። ሻይ ያለ ስኳር። ጠዋት ጠዋት በእግር። የንስሐ አባቴ አባ ገብረማርያምም ኪኒን ስለምውጥ ጾሙን አቅልለውልኛል።
በቀስታ… ቂም እንኳ በቀስታ ይያዛል?

ሚያዝያ 21
ይያዛል። እጄ ወደ ስኳር ጣሳው ሲሄድ ስሙን እጠራለሁ። ደምለው። እጄ ይመለሳል። ስኳር የሌለው ሻይ ቅጠል የታጠበበት ውሃ ነው፣ ግን ጠጣሁት።

ሰኔ 14
ጭቃው እግር ይበላል፣ እኔ ግን እስከ ኬላው ደርሼ ተመለስኩ። ቀሚሴ ሰፍቶኛል። ሽንኩርት ሻጯ ውባንች መንገድ ላይ አስቁማ «ውይ አገኘሽ፣ ከሳሽ!» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ። እዚህ አገር መክሳት የሞት መንገድ ነው፣ ሌላ መንገድ አይታወቅም። እኔም ፈራሁ። እውነት እየሞትኩ ቢሆንስ?
ሁሪያ ሳቀችብኝ። ውሃው አረንጓዴ ሆነ። መክሳትና መክሳት ይለያያል አለች።

ሐምሌ 8
የቀበሌ ስብሰባ። የፍርድ ሸንጎው ሰብሳቢ ጓድ ይርዳው ስለ ቤት ምዝገባ ተናገረ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፤ ሁለት የተገኘበት አንዱ ትርፍ ነው፣ ለመንግሥት ይገባል። ሌላው ሰው ያንቀላፋል። እኔ ጆሮዬ ቆመ።
ደምለው የገንዳ ውሃውን በስሙ አስመዝግቧል። ይህንንም የኔ ነው ብሎ በሸንጎ ፊት ቢናገርስ? ማን ያናግረዋል… የኔ መሞት ያናግረዋል!

ሐምሌ 19
ሰው ሁሉ «ከሳሽ» ይለኛል። ደህና ነኝ ማለት ትቻለሁ። ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ «ምን ይደረግ…» እላለሁ። ምን ዋሸሁ? ወሬው በጭነት መኪና ገንዳ ውሃ ይደርሳል።

መስከረም 25
ጸዳለ ሰው ልካ እህል ይወርድላታል ወይ ብላ አስጠይቃለች። እያቃሰትኩ መለስኩለት። ሲሄድ ግማሽ እንጀራዬን በጎመን በላሁ።

ጥቅምት 18
መጣ!
ከእግር ጉዞዬ ስመለስ የቤቴ በር ቁልፍ ተቀይሯል። ውስጡ የሰሊጥ ጆንያ ሞልቶበታል። ደምለው አግዳሚ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል፣ ቦርጩ ወደፊት ወጥቷል። አየኝ።
«ከሳሽ» አለኝ። በለስላሳ ድምፅ። ከሄደ ወዲህ በለስላሳ ድምፅ ሲያናግረኝ የዛሬው የመጀመሪያው ነው። ኋላ ቤቱ ባዶ እንዳይቀር ብዬ ነው፣ ለቀብርሽም ሰው ያስፈልጋል አለ። ሳቄን ዋጥኩት።
ውባንች ቤት አደርኩ። ለእሷ ሁሉንም ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ጥቅምት 19
ክስ አቀረብኩ። ጸሐፊው የጻፈውን አነበበልኝ፦ «ከሳሽ፣ ወይዘሮ አገኘሽ…» አልቻልኩም፣ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ጸሐፊው ታመመች ብሎ ውሃ አመጣልኝ።

ኅዳር 6
ሸንጎ። ደምለው ጸዳለን አስከትሎ መጣ። በአዲስ ኮት።
ጓድ ይርዳው የት ትኖራለህ አለው። ገንዳ ውሃ። በማን ቤት? ጸዳለን አየት አደረገና «በራሴ» አለ። የመተማው ቤትስ የማን ነው?
«እሱም የራሴ። እሷ በሽተኛ ናት፣ ታዩዋት የለም? አልቃለች እኮ።»
ጓድ ይርዳው ብዕሩን አስቀመጠ። «እንግዲያው አንዱ ትርፍ ነው። የትኛውን ለመንግሥት ታስረክባለህ?»
ጸዳለ ኮቱን ጎተተችው። ፊቱ ላይ ላቡ ሲወርድ አየሁ፣ እያንዳንዷን ጠብታ አየሁ፣ ጣፈጠኝ። ከስኳር ይበልጣል።
«የመተማው… የእርሷ ነው። ተሳስቼ ነው» አለ። ጻፉት። አስፈረሙት።
ከዚያ ብድግ አልኩ። ሳልደገፍ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩና «አዎ ከሳሁ። ሰሊጡም ታጨደ» አልኩት።

ኅዳር 21
ጠዋት ክሊኒክ ነበርኩ። ውሃው ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ሁሪያ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ይዛ አሳየችኝ።
ከሰዓት ደምለው ጆንያዎቹን ሊያስጭን መጣ። ውሃ ስጪኝ አለ። ሰጠሁት። ደግሞ ጠየቀ። ደግሞ። በመሃል ወደ ጓሮ ወጥቶ ተመለሰ። ጆንያው ሳያልቅ እንደገና ወጣ።
«ይህ ውሃ ጥም ገደለኝ፣ ሌሊትም አያስተኛኝ» አለ፣ እንስራውን እያየ።
አወቅሁት። ያንን ጥም እኔ አላውቀውም?
ሁሪያ ጋ ሂድ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገ እልክበት ይሆናል… ይሆናል። ሻይ አለ ወይ አለኝ።
ቀዳሁለት። እንደሚወደው፣ ስኳሩ ከሥር እስኪቆለል።
ሳልቀምስ።