ለሁለተኛው ልጅ ስራመድ

ሰኔ 8፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

እስከ ድልድዩ ደርሰን ተመለስን። ፋጡማ ፊት፣ እኔ ኋላ። የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ሚስት ናት፣ በር ለበር ነን። ጅብ ስለምፈራ ጎህ ሳይቀድ አልወጣም፤ ፀሐይ ከበረታች ደግሞ የአዋሽ ከተማ ሙቀት አያስኬድም። እግሬ ዝሏል። ት/ቤት ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል።

አርግዤ አይደለም፣ ደብተሬ። ላረግዝ ነው። አምና ወንድ ልጄ እንደ ሦስት ወር ሕፃን ገዝፎ ተወለደ። አላለቀሰም። የአዲስ አበባ ሐኪም የስኳር በሽታው ከእርግዝናው ጋር መጣ፣ ከወሊዱ በኋላ ጠፋ፤ በሚቀጥለውም ሊመለስ ይችላል አለኝ። ሳትፀንሺ ጀምሪ፤ ክብደት ቀንሺ፣ በየቀኑ ተራመጂ። ዋስትና ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አይደለም፤ ግን ይረዳል።

ሐምሌ 21

ሻይ ያለ ስኳር። መረረኝ። ቀሚሴ ወገቡ ላይ ሰፋ። ታደሰ ባየልኝ! ባሌ ዱብቲ ነው፣ የጥጥ እርሻውን ትራክተሮች ይጠግናል። በዚህ ሁሉ ሙቀት አልጋው ላይ የእሱ በኩል ብቻ ይቀዘቅዛል።

መስከረም 22

ታደሰ ለመስቀል መጥቶ ነበር። ዛሬ ሄደ። ጠዋት ጠዋት አብሮኝ ተራመደ። አንድ ቀን ልቅደምሽ ብሎ ሮጠ፣ ቀደምሁት፤ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ሲሄድ አላለቀስሁም። አሁን ነው የማለቅሰው።

ኅዳር 12

አርግዣለሁ! በክሊኒኩ በሽተኛ የሚያዩት ድሬሰር አቶ ግርማ አረጋገጡ። ሽንቴን በብልቃጥ ከመድኃኒት ጋር አፈሉት። ሰማያዊ፤ ስኳር የለበትም ማለት ነው። ፋጡማ አልሐምዱሊላህ ብላ አቀፈችኝ። ከሁሉ በፊት መስማት የነበረበት ሰው ግን እዚህ የለም።

ታኅሣሥ 3

አማቴ እማማ ዘነበች ከናዝሬት መጡ። ጫማዬን አልጋ ሥር ደበቁት።

«እርጉዝ እንደ ፖስተኛ ትዞራለች? ተኚ! ያኛውንም ልጅ ድካም ነው የቀጠፈው።»

«እማማ፣ ያኔ እኮ ተኝቼ ነበር።»

ወዲያው ቆጨኝ። ለእሳቸውም የልጅ ልጅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጫማውን ራሳቸው አውጥተው በሩ ጋ አኖሩት።

የካቲት 9

የሎሪ ሾፌር ከዱብቲ ቃል አመጣ። ታደሰ ቤት ተሰጥቶታል። አርግዤም መራመዴን ሰምቶ ፈርቷል፤ ትተወው፣ ከሎሪው ጋር ትምጣልኝ፣ እኔ እንከባከባታለሁ ብሏል። ቤቱ ሰፊ መስኮት አለው አለኝ ሾፌሩ። ማስተማሩን ሳስተምር ዋልሁ፤ ልቤ ግን እዚያ መስኮት ሥር ነበር። እሄዳለሁ።

የካቲት 11

ብልቃጡ አረንጓዴ ሆነ፤ ስኳር አለ። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ! አቶ ግርማ ፊት አለቀስሁ።

«ታዲያ ለምን ደከምሁ?»

«መምህርት፣ ባይራመዱ ምናልባት ይብስ ነበር። ገና ትንሽ ነው። አሁንም አያቁሙ፤ ጠዋት፣ ቀስ ብለው። ካዞረዎት ወይም ደም ካዩ ብቻ አቁመው ይምጡ። ግን የእኔ ብልቃጥ አይበቃም፤ የአ.አ. ሐኪም በቶሎ ይይዎት።»

የካቲት 12፣ ጠዋት

ሎሪው ጥሩምባውን ነፋ። ሻንጣዬ ተዘግቶ ቆሟል። የዱብቲ መንገድ በገዋኔ፣ በአዳይቱ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ጉድጓድ ለጉድጓድ። ሐኪሙ በአንድ በኩል፣ ታደሰ በሌላ በኩል። ታደሰዬ! ድምፁን ብቻ ብሰማ።

ወጥቼ ሾፌሩን አልሁት፦

«አልመጣችም በለው። ናፍቆት አንሷት አይደለም በለው። ስኳሩ መጥቷል፤ ሐኪሟ ያለው በባቡሩ መስመር ነው። መራመዷንም አልተወችም። ፈቃድ ጠይቆ እሱ ይምጣ።»

ቃል በቃል አስደገምሁት። ሎሪው ወደ ታደሰ ሄደ። እኔ ቀረሁ።

ነገ በአ.አ. ባቡር እሳፈራለሁ። ለእማማ ነገርኋቸው። ነጠላቸውን አጣጥፈው ሻንጣዬ ውስጥ ከተቱ። ትኬቱ የሁለት ሰው ይሁን አሉኝ።