አባባ የነቀለው ገመድ

ለናፍቆቴ ለወንድምዓለም፤

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። እኛ ደህና ነን።

ያ በአንድ ወንበር እየተገፋፋን የምንቀመጥበት፣ ሊኑክስ የጫንክበት ኮምፒውተር አልነሳ ብሎ ነበር። ስትገፈትረኝ የተላጠው ክርኔ ምልክቱ ዛሬም አለ! ኮምፒውተሩ ራሱን እያደሰ ሳለ አባባ ገመዱን ነቀለው። «እንዳትነቅሉ» ብሎ ግድግዳው ላይ የለጠፈው እሱ ራሱ አይደል? እኔና እማማ ስቀን አለፍን።

ያሳየሁት የኮምፒውተር ጠጋኝ «ሁሉን አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው» ሲለኝ «ሞቼ ነው ቆሜ!» አልኩት። አንተ እንዳስተማርከኝ ከፍላሽ አስነሳሁና መጀመሪያ ውስጡ ያሉትን የቤተሰባችንን ፎቶዎች ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ፤ ማስነሻውን የጠገንኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንድም ፎቶ አልጠፋ።

አባባን አጠገቤ አስቀምጬ አብረን አየናቸው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሰህ ስትገለፍጥ ሲያይህ «ይኼ የኔ ጎረምሳ!» ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አምና የላክኸውን፣ ባለ ጢሙን ፎቶ ሳሳየው ግን «ጨዋ ይመስላል፤ የማን ልጅ ነው?» አለኝ። መነጽሩ ቆሽሾ ይሆናል ብዬ ወልውዬ ሰጠሁት። ደግሞ ጠየቀኝ።

ለማንኛውም፣ ዓይንህን እስክናይ ደህና ሁንልን። ዘንድሮ እመጣለሁ ብለሃልና አደራ፣ ጢምህን ተላጭተህ ና።

ያቺው ነገረኛ እህትህ