ከሲሶዬ የሚያልፈው ሱቅ

በአላህ ስም። እኔ ባህሩዲን ሰይድ ዛሬ እሑድ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ፍሪድሊ በሚገኘው ቤቴ ሆኜ ይህን እናዘዛለሁ። የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ፈዲላ ናት። ኩላሊቴ ደክሟል፤ አእምሮዬ ደህና ነው። ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቀኝ፤ በኋላ መልስ የለኝም።

ቀብሬ እዚሁ ይፈጸም። ሬሳዬን ደሴ ድረስ በአውሮፕላን አታንገላቱ።

የሰው ዕዳ የለብኝም። ሱቄ ውስጥ የተሰቀሉት ሱሪዎችና ቀሚሶች ግን የደንበኞች አደራ ናቸው፤ ያለቀውም ያላለቀውም ለባለቤቱ ይመለስ።

ይህ ቤት ገና የባንክ ነው። ከእሱ የሚተርፈውንና መኪናዬን ልጆቼ ሀዚምና ሹክሪያ ሸሪዓው እንደሚያዘው ይካፈሉ። እናታቸው ቀድማኛለች፤ ሌላ ወራሽ የለኝም።

ሌክ ስትሪት ያለው የልብስ ስፌት ሱቄ ለኮሌጅ ተማሪዎች ወቅፍ ይሁን፤ አይሸጥ፣ አይወረስ። የፊቱ ክፍል ተከራይቶ የሱቁን ግብርና መብራት ይክፈል። የኋላው አይከራይ።

ምክንያቱን ልናገር። ሹክሪያ የሁለት ዓመቱን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስትጨርስ፣ «አባ፣ ትራንስፈር ላደርግ ነው» አለችኝ። እኔ ደሴ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ ዝውውር የሚደርሰው ከአለቃው ለተጣላ ነበር። «ማንን አስቀየምሽ?» አልኳት። «ኖ አባ፣ ኢትስ ጉድ» ብላ ሳቀች። ብዙም ሳይቆይ የተዛወረችበት ዩኒቨርሲቲ ከተማረችው ግማሹን አልቀበልም አለ፤ በእኛም ቋንቋ ጉድ ሆነ። የሚመክራት አልነበረም፤ ከሥራ ሰዓቷ ጋር የገጠመላትን ነበር የምትመዘገበው። ያንኑ እንደገና ተማረችው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በኋላው ክፍል ያለውን የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ለቀቅሁላት። ብሉሚንግተን ሆቴል ሲሠሩ አድረው ከነዩኒፎርማቸው የሚመጡ ልጆች፣ የትኛው ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ እንደሚያልፍላቸው ሳይመዘገቡ በፊት ከእሷ ይሰማሉ። ጠረጴዛው ላይ የሚተኛ አለ። ተራው እስኪደርስ አትቀስቅሱት። ምስክሬ ነገሪም እዚያ ይተኛ ነበር፤ ዛሬ ነርስ ነው።

ሀዚም ይህን አይወድም። ትምህርቱን አቋርጦ ትራክ ድራይቭ እያደረገ የዚህን ቤት ክፍያ የተሸከመው እሱ ነው። «አባ፣ የሌላ ሰው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ለእኔ ኪራይ ይግባልኝ ብል ምን አጠፋሁ?» ብሎኛል። አላጠፋም።

ኢማሙ እንዳስረዱኝ፣ ወራሽ ላልሆነ መናዘዝ የምችለው የሀብቴን ሲሶ ነው። ሱቁ ከሲሶው ያልፋል። ከሲሶው በላይ ያለው የሚጸናው ወራሾቼ ሲፈቅዱ ነው፤ ፈቃዳቸውም የሚቆጠረው ከሞትኩ በኋላ ነው። ሆኖም ሀዚምን ዛሬ በምስክሮቼ ፊት ጠየቅሁት። ስልኩን እያየ «ጻፉት» አለ።

«ፈቀድህ ማለት ነው?»

«አሁን ብፈቅድ አይቆጠርም ብለሃል እኮ፣ አባ። ይልቅ ውሃህን ጠጣ።»

ጠጣሁ።

ልጄ ሀዚም፣ ብትከለክል አልረግምህም። ሹክሪያ፣ አንቺም አታኩርፊው። ጠረጴዛው ግን ከሲሶዬ አያልፍም፤ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ የተማሪዎቹ ነው። ሱቁ ቢዘጋ ሌላ ቦታ ዘርጉት። ሀዚም፣ ያቋረጥከው ትምህርት ያልፍልህ እንደሆነ አንድ ቅዳሜ እህትህን ጠይቃት። እንደማንም ተራ ያዝ።

ደከመኝ። ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ተናዛዥ፦ ባህሩዲን ሰይድ (ፈርሟል)
ምስክር፦ ነገሪ ዲንሳ (ፈርሟል)
ምስክርና ጸሐፊ፦ ፈዲላ ኑር (ፈርማለች)

ከተናዛዡ ሞት በኋላ የሚፈረም ፈቃድ፦
ሹክሪያ ባህሩዲን ____________
ሀዚም ባህሩዲን ____________