የጠበበኝ ጫማ

ለናፈቅሽኝ አክስቴ፤ ሰላምታዬ ቀድሞኝ ይድረስሽ። ድካሙን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ።

የንድፍ ቢሮው ቀጠረኝ። ለቃለ መጠይቁ የገዛሁት ጫማ ግን ሳያረጅ ጠበበኝ። የበሩ ዘበኛ የተማሪነት መታወቂያዬ ላይ ያለውን ፎቶ አይቶ «ይሄ ታናሽ ወንድምህ ነው?» አለኝ፤ ሳቅን። ነገሩ አሳስቦኝ የሄድኩባት ሐኪም ግን አልሳቀችም። «አንጎል ሥር ያለች አተር የምታክል ዕጢ አብጣ የእድገት ሆርሞን አብዝታብህ ነው፤ የዓይንህንም ነርቭ እየተጫነችው ነው» አለችኝ። ባልደረቦቼ ደግሞ በጎን ሰላም ሲሉኝ ስለማላያቸው «ገና ከመግባቱ ኮራብን» ይሉኛል። ሰኞ ራሴንም ዓይኔንም በማሽን ያዩልኛል፤ ማክሰኞ መቼም ንድፌ ላይ ነኝ። ለእናቴ የጫማውን ብቻ ንገሪያት።

ስትደውዪ እንደ ልማድሽ መርቂኝ። «እደግ ተመንደግ» ስትዪ ግን «እደግ»ን ዝለያት፤ «ተመንደግ» ይበቃኛል።

ጤና ካንቺ አይለይ፤
የእህትሽ ልጅ