ተድላና ያቺ ሎሽን

ሐምሌ 14 ቀን 2016
መብራት የለም። የሎሽኑ ማደባለቂያ ማሽን ቆሞ ዋለ። ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ ላይ ስሜን ስለጥፍ ዋልኩ። ሔለን ሎሽን... ሔለን ሎሽን... ሰው የገዛ ስሙ ይሰለቸዋል?

ባለቤቴ ተድላ ሎሽኑን ሰበታ አድርሶ ተመለሰ። አብዱሰመድ ሱቅ ያለው ሁሉ አልቋል። "ጨምሩ ነው የሚለው፤ ሴቶቹ ሌላ ምን ይግዙ?" አለኝ እየሳቀ። ሌላ ምን ይግዙ... የውጭው እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ነው የሚገዙኝ፤ አውቃለሁ። ግን ለኔ መንገር ነበረበት?

ሐምሌ 23
ክልከላው ተነሳ። ትናንት ዶላሩን ለገበያ ለቀቁት፣ አብሮም ይሄ። ሽቶው፣ ቸኮሌቱ፣ ቅባቱ... ሁሉም መግባት ይችላል። ተድላ ሬዲዮ እየሰማ "ራሳችን ላይ የጣልነው ማዕቀብ ተነሳ በይ!" ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ አቆመ።

ባለፈው ዓመት ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የመንግሥት ኃላፊ እጄን ወደ ላይ አንስቶ "የውጭውን የሚተኩልን እነዚህ እጆች ናቸው" ሲል እንባዬ መጥቶ ነበር። እጄ ያው ነው። ምን ተለወጠ?

ነሐሴ 19
ተድላ ሥራ አገኘ። አንድ አስመጪ ቀጠረው። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ እየዞረ ይሸጣል። ምን? ያቺን። ሳትከለከል በፊት ሴቱ ሁሉ የሚቀባትን የውጭ ሎሽን። ስሟን እዚህ አልጽፍም።

"ሌላ ዕቃ አልነበረም? ሳሙና... ፓስታ..."
"ሔሉ፣ ባለሱቆቹን የማውቃቸው በሎሽን ነው እኮ።"

በኔ ሎሽን ነው የሚያውቃቸው! በኔ!

እሺ አልኩ። ያንቺ ብቻውን አያኖረንም ሲለኝ ምን ልበል?

መስከረም 8 ቀን 2017
ሰማያዊ ሸሚዝ ሰጥተውታል። ደረቱ ላይ የሷ ስም ተጽፏል። ያምርበታል... እሱ ነው የሚያናድደው።

እራት ላይ ስለሷ አወራልኝ። አትጣበቅም አሉ። ስትቀባ ወዲያው ቆዳ ውስጥ ትገባለች፣ ክዳኗ ሲዘጋ ቀጭ ይላል... ዓይኑ ይበራል። ስለኔዋ ሲያወራ እንዲህ ነበር? አላስታውስም። ደግሞ ያኔት የምትባል አለቃ አለችው። ያኔት እንዲህ አለች፣ ያኔት እንዲህ አሳየችን... ሎሽኗ አልበቃ ብላኝ ሰው ተጨመረ።

ደግነቱ የኔም አልቆመም። ድሮ የሚወስዱትን ያህል ባይሆንም ትንሽ ትንሽ ይጠይቃሉ፤ ተድላ እግረ መንገዱን ያደርሳል። የለመዱኝ አልከዱኝም።

መስከረም 9
ተድላ ሲወጣ ናሙናዋን ከፍቼ ተቀባሁ።
እውነትም አትጣበቅም።
ታጠብኩ። ሁለቴ።

መስከረም 25
ሱሉልታ ላይ የዚያች ሎሽን ሱቅ ተመረቀ። ተድላ "ነይ፣ አብረን እንዋል" ብሎኝ ሄድኩ። ድንኳን፣ ሙዚቃ፣ ፊኛ። ሪባኑን የቆረጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ! ሸማቹ የዓለምን ምርት ማግኘት መብቱ ነው ምናምን አለ፤ ተጨበጨበለት። ሲወርድ ጠብቄ ሰላም አልኩት። "ይቅርታ፣ የት ነው የምንተዋወቀው?"

ያኔትን አየኋት። ረጅም ናት። እኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ነኝ፤ የሷ ጫማ ላይ ጠብታ የለም። በየት በኩል ነው የመጣችው? ተድላ ከአንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ጋር በኦሮምኛ ሲጫወት አጠገቡ ቆማ ትሰማለች። ዞሮ አንድ ነገር አላትና ትከሻውን መታ አድርጋ ሳቀች። እሱም ሳቀ።

ታክሲ ውስጥ ጠየቅኩት።
"ምን ብለሃት ነው?"
"መቼ?"
"ስትስቁ።"
"እኔንጃ... ረሳሁት።"

ረሳሁት!

ጥቅምት 6
ለተድላ ሳልነግር ሰበታ ሄድኩ። የአብዱሰመድ መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች እሷ ብቻ። የኔዋን ታች ጥግ ላይ ተወሽቃ አየኋት፤ የድሮ ትራፊ መሰለችኝ።

ከአብዱሰመድ ጋር እየተጨዋወትን አንዲት ሴት ገብታ ያቺን አነሳች። አገላብጣ አሸተተቻት። ፈገግ አለች። አፌ ቀደመኝ።

"እህቴ፣ ይሄ የውሸት ነው። እዚሁ አገር እየሞሉት ነው። ቆዳ ያቃጥላል፤ እኔ ሙያዬ ነው፣ አውቃለሁ።"

ሴትየዋ አስቀምጣ ወጣች። አብዱሰመድ "የሚያመጣልኝ እኮ ባልሽ ነው" አለኝ።
"እሱንም አታለውት ነው" አልኩ።

ምን ነክቶኝ ነው? ግን ደስ አለኝ። ቡራዩ ቤቴ እስክደርስ ድረስ ደስ እያለኝ መጣሁ።

ጥቅምት 12
ሰበታ "ታቃጥላለች" ይባላል። ሱቆቹ ዕቃ መልስልን እያሉት ነው። ተድላ እራቱን አልነካም። "ማን እንዳስወራው ባውቅ..." አለ። ሳህኑን አንስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ጥቅምት 17
ተባረረ።

ጥቅምት 18
ትናንት መጻፍ አቃተኝ።

ድርጅቱ ወሬውን ለማጣራት ሰው ልኮ ሱቅ በሱቅ አስፈተሸ። እሷ ላይ ምንም እንከን አልተገኘም። የተገኘው የኔ ነው። ድርጅቱ በተከራየው መደርደሪያ ላይ ሌላ ሎሽን ማስቀመጥ ክልክል ነው አሉ። በየሱቁ ግን ታች ጥግ ላይ ሔለን ሎሽን አለች። ባለሱቆቹን ሲጠይቋቸው "ተድላ ነው። የባለቤቴ ናት፣ አታውጡብኝ ብሎ ለምኖን ነው" አሉ።

ትራፊ አልነበረችም። የለመዱኝም አልነበሩም። እሱ ነው ሲለምንልኝ የከረመው።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።
"ተሸጠልኝ ብለሽ ስትደሰቺ አይሽ ነበራ። ለምኜ መሆኑን ብታውቂ ትደሰቺ ነበር?"

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ለሌላው ጊዜ ፈጣን ነው...

ጥቅምት 21
ያኔት ቢሮ ሄድኩ።

"ወሬውን ያስወራሁት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም። መልሱት።"

መለሰችልኝ። "ውል ያፈረሰው እሱ ነው። አሁን ከኔ እጅ ወጥቷል።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ያንቺን ጠርሙሶች መጀመሪያውኑ አይቻቸዋለሁ። ዝም ነው ያልኩት።"
"ለምን?"
"የኛን ሎሽን ስንት ሰዓት አስረድቶ፣ መጨረሻ ላይ ባለሱቁን 'የባለቤቴን ግን ሞክረዋታል?' ይላል። ሱሉልታም ሽማግሌውን ያላቸው ይሄንኑ ነው። ትርጉሙን ሲነግረኝ ሳቅኩበት። ወደ ቤት ስነዳ ግን... ቀናሁብሽ። እኔን እንዲህ አድርጎ የሚያነሳኝ ሰው የለም።"

በኔ! በኔ ቀናች!

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ጥበቃው ውሃ ሰጠኝ።

ጥቅምት 22
ነገርኩት። ሁሉንም። የሰበታውን፣ ደስ እያለኝ መምጣቴንም ጭምር።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "በኔ ነው የቀናሽው ወይስ በጠርሙስ?" አለኝ። በሁለቱም አልኩ። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ለገጣፎ እህቱ ጋ ነው።

ኅዳር 3
ሰበታ ሄጄ ለአብዱሰመድ ዋሽቼ ነው አልኩት። "እኔ ገብቶኛል፤ ለሴቶቹ ንገሪ" አለኝ። ቆሜ ለገቡት ሁሉ ነገርኩ። አንዷ "ምን ዓይነት ሰው ነሽ?" አለችኝ። ልክ ናት።

ኅዳር 11
ካርቶን ተሸክሜ ቡራዩን ዞርኩ። ባለሱቆቹ ስሜን ጠርሙሱ ላይ እንጂ እኔን አያውቁም። አንዱ ባለሱቅ፣ ኦቦ ገመቹ፣ "ልጄ፣ ያ ጨዋታ አዋቂው የት ሄደ?" አሉኝ።
"አኩርፎብኝ ነው።"
"ጥፋቱ የማን ነው?"
"የኔ።"
"እንግዲህ እንዳንቺ ጥፋቱን ያመነ አላየሁም" ብለው ጥቂት ወሰዱልኝ። አንቱንም ተድላ ለምኖዎት እንዳይሆን ብቻ አልኩ በሆዴ።

ኅዳር 19
ተድላ መጣ። ሳይደውል። ሌላ አስመጪ ቀጥሮታል፤ ከአብዱሰመድ ሰምቻለሁ። ምን እንደሚሸጥ አልሰማሁም። አለቃው ሴት ትሁን ወንድ አልሰማሁም። ጥያቄው ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ አላሳሰበኝም ብል ውሸት ነው። ልብስ ሊወስድ ይሁን ሊቀር አላወቅኩም።

በሩ ላይ ቆሞ "ምንም አትጠይቂኝም?" አለኝ።
"በልተሃል?" አልኩት።
ገባ።