የዱቄቱ ፋብሪካ ፉርጎ ሲፈታ

ግንቦት 4፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ግድግዳውን ነካሁ፣ እንደየጠዋቱ። ስንጥቁ አሁን ሁለት ጣት ያስገባል። ዳቦ በላሁ። ሻዩ ቀዘቀዘብኝ፣ ተውኩት። ስማ ደብተር፣ ዛሬ ወሬ ይዤልህ መጥቻለሁ።

አስካለ፣ መጀመሪያ ይኼን አስገቢ። የምትጽፈው ባለቤቴ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ሸመንደፈር፣ ባቡሩ ድርጅት ሳለሁ ፉርጎ አያያዥና ፈቺ ነበርኩ። ያ ብረት ክንድ ነው የሚፈልገው። እሷ እጄ ደከመ ብላ አክሲዮንን «አክ.» እያለች ታሳጥራለች። ታሳጥር። ዋጋውን ብቻ እንዳታሳጥርብኝ።

ወሬው፦ ጡረታ ስወጣ አክ. የገዛንበት የዱቄትና የመኮሮኒ ፋብሪካ ለሁለት ሊከፈል ነው። የጭነት መኪኖቹን ከራሱ ይለያል፤ ለብቻቸው ኩባንያ ይሆናሉ። የዱቄቱን አክ. የያዘ ሰው የመኪናውም አክ. በነጻ ይደርሰዋል። ከሐሙስ ጀምሮ ሁለቱ ለየራሳቸው ገበያ ላይ ይሸጣሉ። መልእክቱ በአስካለ ስልክ ገባ። ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። በሦስተኛው ብድግ አልኩ፤ ጉልበቴ እንኳ አላቃሰተም!

ሕይወት ደወለች፣ ከአ/አ። ልጃችን ናት፤ የአክሲዮን ገበያውን በስልኳ የምታዝዝልን እሷ ናት። ሐሳቧ፦ የመኪናውን በደረሳችሁ ቀን ሽጡት፣ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ በዚያ ግድግዳ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ፤ ክረምት ሳይገባ እኔ ጋ ኑ፣ ክፍላችሁ ተዘጋጅቷል። ክፍሉን አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ነው። በግንቦት ሹራብ ያስለብሳል።

አልሄድም። ግድግዳው ወደ አሸዋው ወንዝ ነው የሚያየው። ጎርፉ ሳይመጣ በሲሚንቶና በድንጋይ ከቆመ እዚሁ ድሬ ነን። ካልቆመ ሻንጣ ነው። የመኪናውን አክ. በመጀመሪያው ቀን ብንሸጥ ግማሽ ግድግዳ ይወጣዋል። ግማሽ ግድግዳ ደግሞ ጎርፍን በሌላው በኩል ግባ ማለት ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ማወቅ አለብኝ። ሰዓት ደግሞ ለእኔ!

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ

ታይዋን ገበያ ደርሼ መጣሁ። ሐጂ ዩሱፍ ሱቅ። ጨርቅ ሻጭ ነው፣ የዱቄቱ ባለ አክ. ነው፣ ወዳጄ ነው፤ ምላሱ መርፌ ነው።

እሱ የመኪናውን እንደደረሰው ይሸጣል። «አቦ፣ አክሲዮን ጫት ነው» ይለኛል፣ «ጠዋት እርጥቡን ሽጠህ ግባ። ሲመሽ ማን ያነሳልሃል?»

ነገርኩት። ፉርጎ ሲፈታ መጀመሪያ ይንገጫገጫል፣ ወደ ኋላም ይንሸራተታል። ያላወቀ ሰው የተጣለ ይመስለዋል። የራሱ ሞተር መጥቶ እስኪይዘው ነው እንጂ አልተጣለም። የመኪናውም አክ. እንደዚያ ነው። ዱቄት ፈልጎ የገዛ ሰው መኪና ሲደርሰው ምን ያደርገዋል? ይወረውረዋል። ሁሉም ሲወረውር ይረክሳል። ያን ጊዜ የደረሰንን ይዤ፣ ዱቄቱ በከፈለን፣ ባንክ ባለችው የዘንድሮ ትርፍ እጨምርበታለሁ። ሲነሳ እሸጣለሁ። ግድግዳ!

ሐጂ፦ «ዋሪያ፣ ባቡሩ ከቆመ ስንት ዘመኑ፤ አንተ ዛሬም ባንዲራ ታውለበልባለህ።» ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሐሙስ እንተያያለን።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ፣ እኩለ ቀን

ተዘረፍን! ገበያው እንደተከፈተ የዱቄቱ ዋጋ ወረደ። ዱቄቱ እኮ ነው፣ መኪናው አይደለም። ጮህኩ። ሕይወትን አስደወልኩ፣ በስልክም ጮህኩባት። ጨረስክ አባ? አለች። ከዚያ በቀስታ፦ መኪኖቹ ወጥተው ሄዱ እኮ፣ ዱቄቱ ያለ መኪና እንዴት ቀድሞ የነበረውን ያወጣል? ሁለቱን ደምሩት።

አስካለ ደመረች። ልክ ነው።

ባቡሩ አጠረ እንጂ ፉርጎ አልጠፋም። ይኼን እኔ ነበርኩ ማወቅ ያለብኝ። በቃ፣ አትሳቂ፣ ጻፊ።

በኋላ

መኪናው መውረድ ጀምሯል! እንዳልኩት! ሁሉም እየወረወረው ነው። ሐጂ ሸጦ ጨርሷል፤ ደውሎ አሾፈብኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ግቢውን እዞራለሁ። የራሱ ንብረት ሲረክስ እልል የሚል ሰው ዛሬ አየሁ ትላለች አስካለ።

ግንቦት 8፣ ዓርብ፣ ጠዋት

አሁንም ወረደ። ግሩም ነው። አስካለ ታዲያ መቼ ነው የምትጨምረው አለችኝ። ገና። ነገ ከዛሬ ይረክሳል። የጫት ተራን አታውቂም? ሊመሽ ሲል ነው የሚገዛ።

እሷ፦ የሐጂን ቃል ከመቼ ወዲህ ነው ያንተ ያደረግከው? ቅጠል ይደርቃል፤ መኪና ደግሞ እንዴት ይደርቃል?

 ባለሙያ በሥራ ላይ አይነጋገርም።

እሑድ ዕቁብ ይደርሳታል። ያ የእሷ ነው። ለምን እንደምታውለው አልጠየቅኩም።

ግንቦት 10፣ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት

ጻፊ! ጻፊ! ከበርጫ፣ ከጫቱ ጨዋታ መምጣቴ ነው፣ ሁሉም ነገር ገብቶኛል። ሐጂ ቤት ነበርን፤ እሱ ራሱ ተጸጽቷል፣ በዓይኑ አየሁት። የዱቄቱን በሙሉ እንሸጣለን። በሙሉ! ሁሉንም መኪና እናደርገዋለን። ሰው ዱቄት ይበላል፣ ዱቄቱ ግን በምን ይመጣል? በመኪና! ጨውም በመኪና፣ ብረቱም፣ የጅቡቲ ዕቃ ሁሉ በመኪና። ከዚህ እስከ ወደቡ መንገዱ የኛ ነው። ግድግዳ ምንድን ነው? ፎቅ እንሠራለን። ከላይ በረንዳ። ሐጂ ከታች ሱቅ ይከፍታል፤ ኪራይ አልቀበለውም፣ ወንድሜ ነው። ሕይወት ከነልጆቿ እዚህ ትመጣለች፣ እሷ ትምጣ! ደውይላት፣ አሁኑኑ ትሽጥ።

አስካለ ትጽፋለች እንጂ አትደውልም። የቤታችን ሕግ ነው፦ በርጫ ላይ የተባለ ነገር ሳያድር አይፈጸምም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ጊዜ መርቅኜ ግመል ልገዛ ተስማምቼ በነጋታው ባለ ግመሉ በር ላይ ሲቆም ነው ያወጣሁት። ደግሞም ዛሬ እሑድ ነው፣ ገበያው ዝግ ነው ትላለች። ይሁን! ይደር! ነገም ይኼንኑ ነው የምለው!

ግንቦት 11፣ ሰኞ፣ ጠዋት

አነበበችልኝ። ዱቄቱ አይሸጥም። ፎቁንም ሰርዢው። አልሰርዝም አለች፤ ይቀመጥ፣ ለልጅ ልጆችህ መሳቂያ።

መጨመሩ ግን ትክክል ነው፤ አእምሮዬ በርዶም ትክክል ነው። ለሕይወት ነገርኳት፦ በዘንድሮዋ ትርፍ የመኪናውን ግዢ፤ ግን አሁን ባለው ዋጋ አይደለም፣ ከዚያ ዝቅ ሲል። ሕይወት፦ አባ፣ ልዩነቱ ትንሽ ናት፣ እንዳያመልጥህ። እኔ፦ እኔን ሰዓት አታስተምሪኝ።

አስካለ ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ከልጇ ጋር የራሷ ወሬ አላት።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ፣ ማለዳና ከዚያም

ግድግዳውን ነካሁ። ያው ነው። ዋጋው ወደኔ ዋጋ አልወረደም።

ወደ ላይ ሄደ።

ይመለሳል።

አልተመለሰም። ምሳ አልበላሁም።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ዛሬም ወጣ። መኪናው አንድ ትልቅ የጭነት ሥራ አግኝቷል አሉ፤ ትናንት የወረወሩት ሁሉ ዛሬ ይሻሙበታል። ያልኩት ሆነ! ሞተሩ ያዘው! ያልኩት ሁሉ ሆነ። እኔ ግን ጣቢያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። የደረሰን አለ፣ እሱም ወጥቷል፤ ግን የጨመርኩበት የለም። ሰባራ ሳንቲም ሳስብ ባቡሩ ሄደ።

ሕይወት ላጽናናህ ብላ አመለጣት፦ እማዬ እንኳ በጊዜው ገዛች።

ማ?

አስካለ ራሷ ትናገር፣ ራሷም ትጻፍ። ሰኞ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓቱ ጋር ስከራከር፣ እሷ ዕቁቧን በሙሉ በቆመበት ዋጋ አስገዝታበታለች። ተቆጣሁ። በኔ ቤት፣ እኔ ሳላውቅ! ብዕሩን አስቀምጣ አየችኝ። «ኩባንያው ሲለያይ እልል አልክ፤ እኔ ዕቁቤን ስለይ ምን ያስጮኸሃል? እኔም ፉርጎዬን ፈታሁ።»

ወጣሁ። ከዚራ ሰፈርን ዞርኩ። ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ንዴት። ከዚያ፣ ደብተር፣ ለአንተ ብቻ ልንገርህ፣ ሳቄ መጣ። ለአንተ ብቻ ስል የምትጽፈው እሷ ናት። ይሁን፣ ትስማ። የፉርጎውን ነገር ያስተማርኳት እኔ ነኝ!

ግንቦት 14፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ዋጋው እየጋለበ ነው። ዛሬ አልሸጥም። ገና ይሄዳል፣ ይሰማኛል፣ ሐዲድ ላይ ጆሮዬን እንዳደረግኩ ያህል ይሰማኛል። ሰኔን ሙሉ እይዘዋለሁ። አስካለም ትይዛለች፤ በዚህስ ተስማምተናል።

በዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። እዚህ ጠብታ የለም፣ ላይ ግን ዘንቧል። አሸዋው ላይ ቡና መሳይ ውሃ መጣ፤ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም፣ አልፎ ሄደ። ከግድግዳው ግን አንድ ድንጋይ ወደ ውስጥ ወደቀ። አስካለ ልብስ የምታጥብበት ቦታ ላይ። አልነበረችበትም፤ ሻይ ልታፈላልኝ ገብታ ነበር።

ድንጋዩን አነሳሁት። ከበደኝ። ድሮ አይከብደኝም ነበር።

ለካ ሰዓት የያዝኩት በተሳሳተው ባቡር ነው። የገበያውን ስጠብቅ የደመናውን ረሳሁት። የመኪናው ዋጋ ይጨምር ይሆናል፤ ይጨምራል፣ አውቃለሁ። ጎርፉ ግን የኔን ዋጋ አይጠብቅም።

ቆረጥኩ። የደረሰን የመኪናው አክ. በሙሉ ነገ ጠዋት ይሸጥ። በርጫ አልሄድኩም፤ ቢሆንም ይደር። አድሮ የሚለወጥ አይደለም። ከዘንድሮዋ ትርፍ ጋር ሲደመር ግድግዳውን ወደ ማጠናቀቁ ነው፤ የሚጎድል አለ። ስንት እንደሚጎድል አስካለ አልነገረችኝም። ከእሷ ፉርጎ ግማሹን ትሸጣለች። ሌላውን ግማሽ አልነካም አለች። አልለምናትም። ለምኜያት ነበር፤ አትጻፊው።

ግንቦት 18፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ዓርብ ተሸጠ። ዛሬ ዋጋው ደግሞ ወጣ፤ አስካለ ግማሿን የሸጠችው ዛሬ ነው። ሐጂ ዩሱፍ ሊያሾፍ እስከ ቤት መጣ፤ እሱ ከሁላችንም ቀድሞ የሸጠው! «እኔ በርካሽ ሸጥኩ፣ አንተ በመካከለኛ፣ ወይዘሮ አስካለ በውድ። ወላሂ፣ ከእንግዲህ የምጠይቀው እሷን ነው።» ጠይቅ አልኩት፤ ግን መጀመሪያ ግንበኛ ፈልግልኝ። መልካ ጀብዱ ሰፈር ጥሩ ሰው አውቃለሁ አለ። አብሮኝ ግድግዳውን ነካ። እሱም።

ሕይወት አንመጣም ስላልናት አኩርፋ ነበር፣ ለቀቃት። ክፍሉን አታከራዪው፣ እንግዳ ሆነን እንመጣለን አልኳት። ሹራብ ግዢልኝ።

ከእንግዲህ ዋጋውን እንዳትነግሩኝ ብያለሁ።

ስንት ሆነ?

ግንቦት 22፣ ዓርብ፣ ጠዋት

አሮጌው ግድግዳ ትናንት ወረደ። ከጓዳ ሆኜ አሸዋው ወንዝ በሙሉ ይታየኛል፤ ንፋሱ መጋረጃውን ያገላብጣል። ሲሚንቶው በረንዳ ላይ ነው፣ በላስቲክ ሸፍኛለሁ። የሚጠበቀው ድንጋዩ ነው።

ድንጋዩ መጣ! የጭነት መኪና፣ ቀይ፣ ከፍ ያለ፣ በሩ ላይ ነጭ የስንዴ ዘለላ የተሳለበት። ፊደሉን ባላነብም ሥዕሉን አውቀዋለሁ፤ የፋብሪካው ምልክት ነው፤ የኛ ነበር እኮ። ባለፈው ዓርብ የሸጥኩት መኪና ድንጋይ ጭኖ በሬ ላይ ቆሟል። አስካለ በመስኮት አይታ፦ «ያንተ ነበር፣ የኔ ግን ዛሬም ነው፤ ቀለሙን እንዳታስፍቅብኝ።»

ሹፌሩ መስታወቱን ብቻ አይቶ ወደ ኋላ ሊገባ ይሞክራል። በዚህ ጠባብ ቅያስ! አጥሩን ሊደፋው ነው። ቁም በይው! እኔ እመራዋለሁ፤ ስንቱን ፉርጎ በእጄ ምልክት አስገብቻለሁ። ግራ ክንድ ወደ ላይ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ና፣ ና። አስካለ፣ ብዕሩን ተይውና ጫማዬን